ትርንጎ የማትቀምሰው ጠላ

እማማ ዘነበች ጠላ ቤታቸውን ለቀው ባሕር ዳር ልጃቸው ዘንድ ሲሄዱ በመጀመሪያ የተለወጠው ጣሳው ነው። ከበሩ ፊት በቆመ የባሕር ዛፍ እንጨት ጫፍ ላይ ተደፍቶ የኖረ፣ ዝገት የበላው ጣሳ ነበር። ከጋፋት በኩል የሚመጣ ገበሬ እሱን ካየ ማንበብ አያስፈልገውም፤ ጠላ እንዳለ ያውቃል፣ ዱላውን በር ላይ አስደግፎ ይገባል። አዲሷ ባለቤት በገባች በሳምንቷ እንጨቱ ተነቀለና በቀይ ቀለም «ትርንጎ የባህል መጠጥ ቤት» የሚል ቆርቆሮ ግድግዳው ላይ ተመታ። የሰፈራችን ሰው ቆርቆሮውን አነበበ፣ ያላነበበውም አስነበበ፣ ከዚያ ሁሉም እርስ በርሱ «ትርንጎ ማናት?» ይባባል ጀመር።

እኔ ጥላዬ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ የተቀመጠችበት በረንዳ ከጠላ ቤቱ ፊት ለፊት ስለሆነ የሚገባውንም የሚወጣውንም አያለሁ። ሰው ቶሎ አላምንም። ይህንንም ሙያዬ ነው ያስተማረኝ፤ ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ስለካ ስለ ወገቡ እውነቱን የነገረኝ አንድም ደንበኛ አላጋጠመኝም። ሁሉም «እንደ አምናው ነኝ» ይላል፣ ሜትሩ ደግሞ ሌላ ይላል። ስለዚህ ትርንጎንም መጀመሪያ ያየኋት እንደማንኛውም ሰው በጥርጣሬ ነው፣ አላፍርበትም።

የይፋግ ሴት ናት። ዕድሜዋ አርባን ቢያልፍ ነው፣ ቀጠን ያለች፣ ስትሄድ መሬት መሬት የምታይ። ባሏ ከሞተ በኋላ ወንድሟ የነበረችበትን ቤት ለሌላ ሰው ሰጥቶባት፣ በአምናው መስከረም ወደ ደብረ ታቦር መጣች። መጀመሪያ ከላይኛው ሰፈር የሰው ልብስ እያጠበች ከረመች። ጥምቀት ካለፈ በኋላ እማማ ዘነበች እጇን ወደዱላትና ቤቱን ለቀቁላት። ሲለቁላት ግን አንድ ቃል ተናግረው ነው የሄዱት፦ እስከ መስቀል ድረስ ቤቱ ሰው ከያዘላት ይጸናላታል፣ ካልያዘላት ፑል ቤት መክፈት ለሚፈልጉ ጎረምሶች ይሰጣል። ስለዚህ ለትርንጎ ያ ጠላ ቤት ሥራ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ብትወጣ የምትገባበት ሌላ ደጅ አልነበራትም።

እሷ ግን የሰፈሩን ሰው ልብ ለማግኘት የመረጠችው መንገድ ሁሉ ሰዉን የሚያስበረግግ ሆነ። የእማማ ዘነበች ቤት ጨለማ ነበር፤ ሰው ገብቶ መደቡ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው ዐይኑ ጎረቤቱን የሚለየው። ይህንንም ወደነው ነበር። ትርንጎ በመንገዱ በኩል መስኮት አስከፈተች። አጎዛውን አንሥታ የፕላስቲክ ወንበር ደረደረች። ጣሳውን ትታ በብርጭቆ ትቀዳ ጀመር። በጣሳ ስትጠጣ ምን ያህል እንደቀረህ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ፤ ቀስ ብለህ እየተጎነጨህ እስከ ሰርክ መቀመጥ ትችላለህ። በብርጭቆ ግን ማለቁን ቤቱ በሙሉ ያይልሃል።

«መስኮቱ ለምንድን ነው?» ብሎ የጠየቃት ይሻው ነው።

«ለብርሃን ነው አያ።»

«ብርሃኑ ለእኛ ነው ወይስ ለሚያየን?»

ይሻው እኩያዬ ነው። የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ነው ዕድሜውን የፈጀው፤ ጡረታ ሲወጣ መጋዘኑን አስረከበ እንጂ ዘበኝነቱን አላስረከበም። አሁን የሚጠብቀው ሰፈሩን ነው። አዲስ ፊት ካየ «የማን ልጅ ነህ?» ሳይል አያሳልፍም፤ ቤቱን ቆልፎ ወጥቶ መንገድ ከጀመረ በኋላ ተመልሶ ቁልፉን ይነቀንቃል። ድሮ እንስቅበት ነበር። ዘመኑ እንዲህ ከሆነ ወዲህ፣ ሰዓት እላፊው ከታወጀ፣ ሰው ጠላ ቤት ውስጥ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር ከጀመረ ወዲህ ግን የሚስቅበት የለም። እንዲያውም «ይሻው ምን አለ?» ተብሎ ይጠየቃል።

ይህ ሁሉ ሆኖም ሰዉ ይለምደው ነበር፣ ምክንያቱም እውነቱን ለመናገር ጠላዋ ጠላ ነው። አሻሮዋ አያርርም፣ ጌሾዋ አይጎመዝዝም፣ ከጠጣኸው በኋላ ራስህን አይወቅርህም። መስኮቱም ወንበሩም ብርጭቆውም ይረሳ ነበር። ያልተረሳው አንድ ነገር ነው። ትርንጎ ቀምሳ አትሰጥም።

የእኛን አገር ወግ ለማያውቅ ልንገር። ጠላ የምትቀዳ ሴት ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት ከቀዳችው ጠብ አድርጋ በመዳፏ ትይዝና ፉት ትላለች፤ ከዚያ ነው የምትሰጠው። መርዝ እንደሌለው ማሳያ ነው ይባላል። እንዲያው ይባላል እንጂ ስትቀምስ መርዝ የሚያስብ ሰው የለም፤ እንደ ሰላምታ ሆኗል። መቅመሷ ሲቀር ግን ከመርዝ በቀር ሌላ የሚታሰብህ ነገር የለም።

መጀመሪያ ያስተዋለው አሁንም ይሻው ነው፤ ሰኔ መግቢያ ላይ ይመስለኛል። እኔም ከጎኑ ነበርሁ። ቀድታ ሰጠችው፣ እሱ ግን እጁን አልዘረጋም።

«ቅመሽና ስጭኝ» አላት።

«ይጠጡ አያ፣ ንጹሕ ነው።»

«ንጹሕነቱንማ አንች ስትቀምሽው ነው የማውቀው።»

«እኔ አልቀምስም።»

«ምን ሁነሽ?»

«እንዲያው አልቀምስም አያ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ይሻው ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣ። ብርጭቆው ሳይነካ ወንበሩ ላይ ቀረ። ቤት ውስጥ የነበርነው ሁላችን የየራሳችንን ብርጭቆ አየን፤ አንዳንዱ ጨርሶት ስለነበር ለመተውም አልቻለም። እኔ ግማሽ ቀርቶኝ ነበር። ጥዬው ወጣሁ ብል ውሸት ነው፣ ጠጣሁት፤ ግን ሌሊቱን ሆዴን ሳዳምጥ አደርሁ።

ከዚያ በኋላ የተወራው ወሬ ብዛቱ! አንዱ ጠላው ውስጥ ሰውን የሚያስለምድ መድኃኒት ትጨምርበታለች አለ። ሌላው ጆሮ ናት፣ ሰው ጠጥቶ ሲለፈልፍ እሷ እንዳትሰክር ነው የማትጠጣው አለ፤ መስኮቱም በዚህ ትርጉም አገኘ። ሃይማኖቷን ለውጣለች ያለም ነበር። እሁድ እሁድ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ሲያያት ደግሞ «ለማስመሰል ነው» ብሎ አለፈ። ወንበሩንና ብርጭቆውን የሸጠላት ነጋዴው ዑመር ነው፤ የጎረቤት ነገር ሆኖበት አንድ ቀን በረንዳዬ ላይ ቁሞ «ኧረ እኔም ጠላ ቀምሼ አላውቅም፣ እንግዲያው እኔንም ጠርጥሩኛ!» አለ። ይሻው አልሳቀም።

«አንተ አትቀምስም፣ አትሸጥምም» አለው። «እሷ ግን ትሸጣለች።»

ዑመር ወደ እኔ ዞሮ ትከሻውን ሰበቀና ሄደ።

አሁን እናንተን በጥርጣሬ አላጉላላችሁም፤ መጠርጠር የእኛ ሥራ ነበር። ነገሩ ቀኖና ነው። ትርንጎ አምና ወደ ከተማው እንደመጣች ለነፍስ አባቷ ተናዝዛ ነበር፤ እሳቸውም ከመስቀል እስከ መስቀል ጠላ በአፏ እንዳይዞር፣ ይህንንም ለማንም እንዳትናገር አዘዟት። ብትቀምስ ቀኖናው ይፈርሳል። ብትናገርም ይፈርሳል። ያን ጊዜ ልብስ ታጥብ ስለነበር ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር፤ በዓመቱ አጋማሽ ጠላ ቤት እንደሚወድቅላት ማን ያውቃል? እምቢ ብትል መውደቂያ የላትም፣ እሺ ብትል ደግሞ ይኸው። በምን ኃጢአት እንደተሰጣት አላውቅም። ኋላ ጠይቄያት «የእኔና የአባ ነው» አለችኝ፤ እኔም ልክ ነሽ ብያታለሁ።

በዚያ ክረምት ግን ይህን የሚያውቅ ከእሷና ከነፍስ አባቷ በቀር አልነበረም። እኔ የማየው በመስኮቱ በኩል የሚታየውን ብቻ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወግር፣ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም፣ ትርንጎ የጋኑን ክዳን ከፈተች። ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን ወደ ጋኑ አፍ አስጠጋች፣ ዐይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች። ከዚያ ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ምንም ነገር ከንፈሯን አልነካም። እኔ ድግምት እየደገመች ነው ብዬ ፊቴን አማተብሁ። ለካ ጎምጅታ ደረቅ ከንፈሯን እየጠረገች ነበር፤ የጠመቀችው ምን እንደሚል የምታውቀው በማሽተት ብቻ ነው።

ሐምሌ እኩሌታ ላይ ቤቱ ባዶውን መዋል ጀመረ። ከገጠር የሚመጣው ገበሬ ስለ ወሬው ባያውቅም ጣሳ ስላላየ አልፎ ይሄዳል። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ጣሳም ቢኖር አይገባም። ትርንጎ በር ላይ ቁማ ጭቃውን ታያለች። እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በላችው። የምጠረጥራትን ሴት ሳዝንላት በራሴ ተናደድሁና መኪናዬን አቁሜ ተሻገርሁ።

«ስሚ አንች ልጅ» አልኋት፣ «ጨጓራ አለብኝ በያቸው።»

«የለብኝም ጋሼ።»

«ይኑርብሽ አላልሁም፣ በያቸው ነው ያልሁ።»

«ጾም ሊገባ ነው፣ ምን ብዬ እዋሻለሁ?»

«እንግዲያው ሐኪም ከለከለኝ በይ።»

«ሐኪም አልከለከለኝም።»

«ታዲያ ማን ከለከለሽ?»

ፊቷ ቀላ፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። መጠጥ ቤት ከፍታ የማትዋሽ ሴት! ዕድሜዬን ሙሉ ሻጭና ገዢ ሳይ ኖሬያለሁ፣ እንዲህ ያለ አላየሁም። ከመርዙ ይልቅ ይኼ አስፈራኝ። ተመልሼ መጥቼ ቁጭ ስል ጥርጣሬዬ ጨምሮ እንጂ ቀንሶ አልነበረም።

የነሐሴ እኩሌታ በጾም አለፈ። ይሻው በዚህ ሁሉ ጊዜ አልተኛም፤ ነገሩን በልቡ ሲያብሰለስል ከርሞ ለፍልሰታ ፍቺ መላ አመጣ። ከቅዳሴ መልስ ቄስ ሙሉቀንን «አባ፣ የጠላ ፀበል ቅመሱልን» ብሎ እየለመነ ይዟቸው መጣ። ከኋላው የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ተከተለ። ለእኔ በጆሮዬ «ቄስ ፊት እምቢ አትልም፤ እምቢ ካለች ደግሞ ለይቶላታል» አለኝ። ዐይኑ የመጋዘን ሌባ የያዘ ይመስል ነበር።

ቄስ ሙሉቀን ትሑት ሰው ናቸው፣ ብዙ አይናገሩም። እሳቸው ራሳቸው የትርንጎ የነፍስ አባት መሆናቸውን ይሻው አያውቅም። ማንም አያውቅም።

ገብተን ተቀመጥን። ወንበር የጠፋው ቆመ። ትርንጎ ከጓዳ ማሰሮዋን ይዛ ስትወጣና የተቀመጡትን ስታይ ቀጥ አለች። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ቀዳች።

«ቀምሳ ትስጥዎ አባ» አለ ይሻው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የአገሩ ወግ ነው። ንጹሕ ሰው አይፈራም።»

ትርንጎ ብርጭቆውን እንደያዘች ወደ ቄሱ አየች። እሳቸውም አዩዋት። ማዘዝ አይችሉም፣ የከለከሏት እሳቸው ናቸው። መናገርም አይችሉም፣ የሰሙት በንስሐ ነው። ጺማቸውን ዳበሱ። ከዚያ ከተቀመጡበት ተነሡ፣ ብርጭቆውን ከእጇ ተቀበሉ፣ ጠብ አድርገው በራሳቸው መዳፍ ያዙና ፉት አሉ።

«እንካ ይሻው» አሉ ብርጭቆውን እየሰጡት። «ተቀምሷል።»

ይሻው ምን ያድርግ? ጠጣ። እኛም ጠጣን። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ቀጠለ፣ በዚያ ቀን ትርንጎ ሦስት ጊዜ ጋን ስር ወርዳ ቀዳች። ሳምንቱን ሙሉ ቤቱ ሰው አላጣም። ተገላገለች ብዬ ደስ አለኝ፤ ደስታዬ የዋህነት ነበር። ሰዉ የሚጠራጠረው ነገር ሲያጣ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል ብዬ እንዴት አሰብሁ?

ወሬው የጀመረው በነሐሴ ማለቂያ ነው። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፣ ይሻው ግን አልነበረም፤ እሱ ተሸንፎ ዝም ብሎ ነበር። «ቄስ ለጠላ ሻጭ ቀመሰላት» ተባለ። እውነት ነው፣ ቀምሰውላታል። ቀጥሎ «ለምን?» ተባለ። ለምን የሚለው ቃል ከሰፈራችን አፍ ከወጣ መመለሻ የለውም። አንዲት ብቻዋን የምትኖር ሴት፣ ባለትዳር ቄስ፣ በዐይን መግባባት፤ ሁሉም የየራሱን ጨመረበት። ሰኞ ዕለት የቄሱ ባለቤት ገነት ነጠላዋን ዐይኗ ድረስ አውርዳ በበረንዳዬ ፊት አለፈች። ደህና ዋላችሁ ሳትል ማለፍ ልማዷ አልነበረም። ሐሙስ ላይ የደብሩ ሽማግሌዎች ከዘመን መለወጫ በኋላ በመጀመሪያው እሁድ ቄሱን ጠርተው ሊጠይቋቸው እንደሆነ ሰማሁ። አጥጋቢ መልስ ካልሰጡ መቅደስ አይገቡም ተባለ። እንግዲህ መልስ ሊሰጡ የሚችሉት የንስሐ ልጃቸውን ምስጢር አውጥተው ነው። ያን ደግሞ አያደርጉትም።

ትርንጎ ይህን የሰማችው ከእኔ ነው። ብርጭቆ እያጠበች ነበር፣ ነገርኋት። ማጠቡን አላቆመችም። አንዱን ብርጭቆ ብዙ ጊዜ አጠበችው።

«አባ ምን አሉ?» አለችኝ።

«ምንም። እግዚአብሔር ያውቃል ብቻ ብለዋል አሉ።»

«መስቀል መቼ ነው ጋሼ?» አለችኝ ቀጥላ። ለምን እንደጠየቀችኝ አልገባኝም። ስለ ቤቱ መስሎኝ፣ ስለ እማማ ዘነበች ቀጠሮ፣ «ደርሷል እኮ፣ አይዞሽ» አልኋት።

የቅዱስ ዮሐንስ ዕለት ዝናቡ አባርቶ የጉና ራስ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ልጆች አበባ ይዘው በየደጁ ሲዘፍኑ ዋሉ። ጠላ ቤቱ ውስጥ ሰው ነበር፤ ጠላ ከሚጠጣው ግን ትርንጎን የሚያየው ይበልጥ ነበር። ይሻውም ከጥጉ ተቀምጧል። እኔ የበዓል ልብስ አዝዞ በመጨረሻ ሰዓት የሚያስጨንቀኝን ሁሉ አሰናብቼ ገብቼ ነበር።

ትርንጎ ማሰሮዋን ይዛ ከጓዳ ወጣች፤ መሐል ቤት ደርሳ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ነጠላዋን አደገደገች። እንዲህ ቀና ብላ ስትቆም አይቻት አላውቅም።

«አያ ይሻው» አለች፣ «በሰኔ ቅመሽ ብለውኝ አልቀመስሁም። ይቅር ይበሉኝ። ቀኖና አለብኝ። ካምና መስቀል እስከ ዘንድሮ መስቀል ጠላ እንዳልቀምስ ታዝዣለሁ። የሰጡኝ አባ ሙሉቀን ናቸው፣ የነፍስ አባቴ ናቸው። ባለፈው የቀመሱልኝም እኔ መቅመስ ስለማይሆንልኝ ነው። ሌላ ምንም የለም። እሁድ ለሚጠይቋቸው ሁሉ ይኸን ይንገሩልኝ።»

ውጭ የልጆቹ ዘፈን ብቻ ይሰማል። ይሻው አፉን ከፈተ። «በምን ኃጢአት?» ሊላት እንደሆነ አውቄዋለሁ፣ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ አውቆታል፤ እሷም አውቃው ዐይኗን መሬት ላይ ተከለች። ያ ዕድሜውን ሁሉ «የማን ልጅ ነህ፣ ከየት ነህ፣ ለምን መጣህ» ሲል የኖረ ሰው አፉን እንደከፈተ ጥቂት ቆየና ዘጋው። እንባ እንደያዘው ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

«ለማንም አትናገሪ ተብለሽ ነበር ወይ?» አላት፣ ቀስ ብሎ።

«አዎ አያ።»

«አሁን ተናገርሽው።»

«ተናገርሁት።»

«እና?»

«እና እንግዲህ ፈረሰ። ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።»

«መስቀል እኮ ደርሶልሽ ነበር!» ብሎ ጮኸ ይሻው፤ እሷን የተቆጣ ይመስል ነበር፣ ግን እሷን አልነበረም።

እኔም ተናደድሁ፣ አሁንም ስጽፈው እናደዳለሁ። ሁለት ሳምንት! መስቀል ሲደርስ ሰው ሁሉ ፊት በመዳፏ ይዛ ፉት ብላ ትገላገለው ነበር። ትንሽ ብንታገሥ፣ ትንሽ ዝም ብንል ኖሮ። እኛ ግን ዝም ማለት አናውቅበትም፤ የሰው ምስጢር ካላወጣን ጠላ አይወርድልንም።

ይሻው ተነሣ። ማሰሮውን ካስቀመጠችበት አንሥቶ በአንዱ ብርጭቆ ቀዳ፣ ጠብ አድርጎ በመዳፉ ያዘና ጠጣ፣ ከጎኑ ለተቀመጠው ሰጠ። ለሁላችንም እንዲሁ እየቀመሰ ሰጠን። ሽማግሌ ወንድ እንደ ጠላ ቀጂ ሲዞር ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እንፈርስ ነበር። በዚያ ቀን የሳቀ የለም። እሁድ ደግሞ ከቅዳሴ በፊት ሽማግሌዎቹ ዘንድ ቀድሞ ሄዶ ነገሩን ዘረገፈላቸው፤ ቄስ ሙሉቀን እንደ ወትሮው መቅደስ ገቡ። ገነት ከዚያ ወዲህ በበረንዳዬ ፊት ስታልፍ እግዜር ይስጣት፣ ሰላም ትለኛለች።

አንዳንድ ሰው ግን አሁንም አላመነም። «ቀኖና ቢሆን ቀድማ ትናገር ነበር» ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ ለዓመት ጠላ የሚያስከለክል ኃጢአት ምን ዓይነት ቢሆን ነው እያለ ይብሰለሰላል። እኔም ይሻውን በአንድ ነገር መጠርጠር ጀምሬያለሁ፤ ቀማሽነቱን የያዘው በጸጸት ነው ብዬ ነበር፣ አሁን አሁን መዳፉ የሚይዘው ጠላ እየበዛ መጥቷል።

ለመስቀል ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። እማማ ዘነበች ከባሕር ዳር መጥተው ባዩት ነገር ረኩና ቤቱን አጸኑላት። ይሻው እየቀመሰ ያድላል፣ ዑመርም ለእንኳን አደረሳችሁ ብቅ ብሎ ለስላሳ ተከፍቶለት ከበር ተቀምጧል። ትርንጎ ከጓዳ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ጓዳ ትመላለሳለች። ይህን ጠላ ለዚህ ቀን ብላ አስቀድማ ጠንስሳው ነበር፤ የመጀመሪያውን ለራሷ ልትቀዳው።

ባጠገቤ ስታልፍ ጎንበስ አለችና፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማት፣ «ጋሼ ጥላዬ፣ እንዴት ነው? ጌሾው አልበዛም?» አለችኝ።

ከእጄ ያለውን ብርጭቆ አየሁ። ጌሾው ትንሽ በዝቶ ነበር።

«ልክ ነው» አልኋት፣ «እንዲህ ያለ ጠላ ጠጥቼ አላውቅም።»

ፊቷ በራ። አመነችኝ።